የእንግሊዝን ቋንቋ በቴያትር ስለ መማር

ከአዲስ አበባ ከተማ በስተምሥራቅ ዳር ቦሌ አራብሳ የሚባል ሰፈር አለ። ስፍራው ቀድሞ የገበሬ ማሳ ነበረ፤ እህል ይዘራበት፣ ከብትም ይሰማራበት ነበር። ኋላ ግን መንግሥት ብዙ ፎቅ ቤቶችን ሠራበት፤ ሕዝቡም ኮንዶሚኒየም ይላቸዋል። ቤቱ የሚገኘው በዕጣ ነውና፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ከኖረበት መንደር ተነሥቶ፣ ዕቃውን በመኪና ጭኖ፣ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ሄደ። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱም ከጉለሌ መጣ። በዚያው በማሳው ዳር የተወለዱ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ የገበሬ ልጆችም አሉ። ስለዚህ በአራብሳ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሦስት ልጆች ብዙ ጊዜ አብሮ አደግ አይደሉም፤ እናቶቻቸው ቡና አልተጠራሩም፤ እነርሱም በአንድ ደጃፍ አልተጫወቱም።

ይህ ነገር ለቋንቋ ትምህርት ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ ብዙ ያደርጋል። ስለ ምን ቢሉ፣ ልጅ በአብሮ አደጉ ፊት ሲሳሳት አብሮት ይሥቃል፤ በማያውቀው ልጅ ፊት ሲሳሳት ግን የሚሣቅበት ይመስለዋል። በዚህም ኀፍረት ምክንያት አፉን ይዘጋል። አፉን የዘጋ ልጅ ሒሳብን ሊማር ይችላል፤ ጂኦግራፊንም ሊማር ይችላል፤ ቋንቋን መናገር ግን አይማርም። በወንዝ ዳር ተቀምጦ ዋናን የተማረ ሰው ከቶ አልታየም።

የእንግሊዝኛም ነገር በኢትዮጵያ ለተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ፣ ልጆች የመጀመሪያውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛን ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲማሩት፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። እንግዲህ ልጆች፣ አስቡት። አንድ ተማሪ 8 ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛን በደብተሩ ሲጽፍ ይቈያል። ግሡን ከትናንት ወደ ዛሬ፣ ከዛሬ ወደ ነገ መለወጥ ያውቃል፤ በባዶው ቦታ ላይ ትክክለኛውን ቃል መሙላትም ያውቃል። ከዚያ በኋላ 9ኛ ክፍል ይገባል። የፊዚክስ አስተማሪው በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ነገሩ አልገባውም። እጁን አንሥቶ «ይህ አልገባኝም፤ እንደ ገና ይንገሩኝ» ብሎ በእንግሊዝኛ መጠየቅን ግን አይደፍርም። ያልገባውን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ነገም እንደዚሁ፤ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። በዓመቱ መጨረሻ ይህ ልጅ በፊዚክስ ወደቀ ይባላል። ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን ልጁን የጣለው ኀፍረት ነው።

አባቶች «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለሸንጎና ለጠብ ጊዜ ይህ ምክር መልካም ነው። ለቋንቋ ግን አይሆንም፤ ቋንቋ በጐተራ እንደ ተረሳ እህል በዝምታ ይነቅዛል። እንደ ገናም «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ፤ የተነገረ ቃል አይመለስምና ሰው መርጦ ይናገር ማለታቸው ነው። ልጁ ይህን እየሰማ አድጓል፤ ጨዋ ልጅ በትልልቅ ሰዎች ፊት ዝም እንዲል ተምሯል። በእንግሊዝኛ ክፍል ግን «ተናገር፤ ቢሳሳትም ተናገር» ይባላል። ዝም ቢል ሰነፍ ነው ማለት አይገባም፤ ሁለት ትእዛዝ ተጋጭተውበት ነው።

ሆኖም በቤት የማይነገርን ቋንቋ ጮኾ መማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የግእዝን ትምህርት ተመልከቱ። ግእዝ ዛሬ የማንም ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም፤ እናት ልጇን በግእዝ «ና እንጀራ ብላ» አትለውም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቤት ያለ ልጅ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደልን ጮኾ ይቈጥራል፤ ዳዊትንም ጮኾ ይደግማል። የንባቡን ስልት በጆሮው ይማራል፤ ይህ ቃል ተነሽ ነው፣ ያ ወዳቂ ነው፣ ይህ ሰያፍ ነው፣ ያ ተጣይ ነው እየተባለ ይታረማል። ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ቢያነበው የኔታ ዝም ብለው አያልፉትም። ወደ ቅኔ ቤት የደረሰ ተማሪም በልቡ ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ በአፉ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው ያርሙለታል። ወረቀት ጽፎ አስረክቦ አይሄድም።

የእንግሊዝኛም ቃል ተነሽና ወዳቂ አለው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ለምሳሌ «ፕሬዘንት» የሚለውን ቃል ድምፁን በመጀመሪያው ላይ አበርትቶ ለሚያነበው ሰው ስጦታ ማለት ነው፤ በመጨረሻው ላይ አበርትቶ ለሚያነበው ግን መስጠት ወይም ማቅረብ ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነውና ጆሮ ካልሰማው ዐይን አይለየውም። በአማርኛም «ገና» የሚለውን ቃል «ና»ን አላልተው ቢያነቡት «ገና አልመጣም» እንደሚባለው ይሆናል፤ አጥብቀው ቢያነቡት ግን በዓሉ ነው። አማርኛ ተነባቢውን ያጠብቃል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አናባቢውን ያስረዝማል። በእንግሊዝኛ «ሽፕ» ሲባል መርከብ ነው፤ ድምፁ ረዘም ብሎ «ሺፕ» ሲባል ግን በግ ነው። ይህን ልዩነት በአፉ ያልተለማመደ ልጅ በመርከብ ፈንታ በበግ ተሳፍሮ ባሕር ሊሻገር ነው!

የእንግሊዝ ልጆች ራሳቸው በቀድሞ ዘመን በዚህ ችግር አልፈዋል። ያን ጊዜ የሊቃውንት ቋንቋ ላቲን ነበረ፤ ላቲንም በእንግሊዝ አገር በማጀት የሚነገር ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ ልጆቹን የላቲን ቴያትር ያጫውቷቸው ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1560 ለዌስትሚንስተር ተማሪ ቤት ባወጣችው ሕግ፣ ልጆቹ በየዓመቱ በልደት ሰሞን የላቲን ቴያትር እንዲያሳዩ ታዘዘ። ከሚያሳዩአቸውም ድርሰቶች የቴሬንስ ድርሰቶች ይገኙባቸው ነበር። ቴሬንስ የሮም ደራሲ ነው፤ ነገር ግን በአፍሪካ በካርታጎ ተወልዶ በባርነት ወደ ሮም እንደ ሄደ ይነገርለታል። የእንግሊዝ ልጆች ላቲንን አጥርተው ለመናገር ከአፍሪካ የመጣ ሰው የጻፈውን ያጠኑ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ማወቅ ለአራብሳ ልጅ አይከፋም።

እንግዲህ ቴያትር የታሰረ አንደበትን የሚፈታው እንዴት ነው? ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ክፍል በልቡናችሁ ሳሉ። ክፍሉ በአራብሳ ነው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ መስኮቱ ወደ ፎቆቹ ይመለከታል፤ በየበረንዳው የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። በክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። አምና በእንግሊዝኛ ሰዓት ተነሥታ «እናቴ ወደ ገበያ ትሄዳለች» ለማለት ፈልጋ «ማይ ማዘር ጎ ቱ ማርኬት» አለች። በእንግሊዝኛ ሕግ በዚህ ስፍራ «ጎ» የሚለው ቃል በመጨረሻው ድምፅ ተጨምሮበት «ጎዝ» መባል ይገባው ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ይህን አውቆ ሣቀ፤ ሌሎቹም የሣቁበትን ሳያውቁ ሣቁ። ልጅቱ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ሰዓት ድምፅዋ አልተሰማም።

አስተማሪቱ አንድ ቀን ለክፍሉ የቆየ የግሪክ ታሪክ ነገሯቸው። በሲሲልያ ደሴት በሲራኩስ ከተማ ዲዮኒስዮስ የሚባል ጨካኝ ንጉሥ ነበረ። እርሱም ፒትያስ በሚባል ሰው ላይ ሞት ፈረደበት። ፒትያስ «ቤቴን አሰናድቼ፣ ቤተ ሰቤን ተሰናብቼ እመለሳለሁ፤ ጥቂት ቀን ስጠኝ» ብሎ ለመነ። ንጉሡም ሣቀና «በአንተ ፈንታ ማን ይቀመጣል?» አለው። የፒትያስ ወዳጅ ዳሞን ወጣና «እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ እርሱ ባይመለስ እኔ ልሙት» አለ። ቀኑ ደረሰ፤ ፒትያስ አልመጣም። ዳሞንን ሊገድሉት ሲያወጡት ፒትያስ እየሮጠ ደረሰ። ንጉሡም በዚህ ወዳጅነት ተደንቆ ምሕረት አደረገ፤ «ሦስተኛ ወዳጅ አድርጋችሁ ተቀበሉኝ» ብሎም ለመናቸው። ዋስ መጥራትና ዋስ መሆን በኢትዮጵያ የታወቀ ሥርዓት ነውና፣ ልጆቹ የዚህን ታሪክ ክብደት ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ታሪኩን በአጫጭር የእንግሊዝኛ ቃል ጽፈው ተከፋፈሉት። አምና የሣቀው ልጅ ንጉሥ ሆነ። ዝምተኛይቱም ልጅ የዳሞን ቃል ደረሳት። የዳሞን የመጀመሪያ ቃል እጅግ አጭር ነው። ንጉሡ «ሁ ዊል ስቴይ ኢን ዩር ፕሌስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በአንተ ፈንታ ማን ይቀመጣል ማለቱ ነው። ዳሞን «አይ ዊል» ይላል። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ግን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይዞራል። ከአስተማሪቱ ጥበብ አንዱ ይህ ነበረ፤ ለምታፍረው ልጅ አጭሩን ቃል ሰጧት፤ የማይረባውን ቃል ግን አልሰጧትም።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እንደ ዕቃ ዝርዝር አነበቡት። ንጉሡ «ስቴይ» በማለት ፈንታ «እስቴይ» አለ። ይህ በብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚታይ ነው፤ «ስኩል» ለማለትም «እስኩል» ይላሉ፤ በአማርኛ ቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ያለ አናባቢ ተከታትሎ መምጣት ልማድ አይደለምና። የፒትያስም ስም አስቸገራቸው። የእንግሊዝ ሰው ይህን ስም ሲጠራ በመካከሉ ምላሱን ለጥርሱ ጫፍ ያስነካል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በአማርኛ የለም። አስተማሪቱ ስለዚህ ድምፅ ረጅም ትምህርት አልሰጡም። ወታደሮቹ፣ ንጉሡ፣ ዳሞንና በአደባባይ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ፒትያስን ሲጠሩ ይውላሉና፣ በሳምንት ውስጥ ስሙ ስንት ጊዜ እንደ ተጠራ የሚቈጥር ቢኖር ይደክመዋል። ድምፁም እየቀና ሄደ። ይህን ያህል ጊዜ አንድን ቃል በልምምድ ደብተር ላይ ድገሙ ቢባሉ ኖሮ ገና በሦስተኛው ያንቀላፉ ነበር።

ዝምተኛይቱ ልጅ «አይ ዊል» ስትል ግን በፊተኛው ወንበር ያሉት እንኳ አልሰሟትም። አስተማሪቱ አልተቈጧትም። ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሄደው ቆሙና «ልጄ፣ ወዳጅሽ ሊሞት ነው፤ ንጉሡም ሩቅ ነው። ለወረቀቱ አትንገሪው፤ ለንጉሡ ንገሪው» አሏት። ልጅቱ ወረቀቱን አጠፈች፤ ዐይኗንም አነሣች። ንጉሡ ያ አምና የሣቀባት ልጅ ነበረ። አየችውና «አይ ዊል!» አለች። ቃሉ ያው ነው፤ አሁን ግን ሰው ለሰው የተናገረው ቃል ሆነ።

የቴያትር ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ልጅቱ በራሷ ስም ብትናገር ስሕተቱ የራሷ ነው፤ በዳሞን ስም ስትናገር ግን ስሕተቱን ዳሞን ይሸከምላታል። ነጠላ አጣፍቶ ሰይፍ የታጠቀ ልጅ ለጊዜው የሰፈሩ ልጅ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። በቴያትር ውስጥ የሚናገር ሰው መስማት ግድ ይሆንበታል፤ ጓደኛው ቃሉን ሳይጨርስ ቢናገር ነገሩ ይበላሻል፤ ቢዘገይም ይበላሻል። በተለመደው ትምህርት ግን አስተማሪው ይጠይቃሉ፣ አንድ ልጅ ይመልሳል፣ የቀሩት በመስኮት ያያሉ።

የማሳያው ቀን ደረሰ። ወላጆች መጡ፤ ከካርቶን የተሠራ ዘውድ ለንጉሡ ተደረገለት። ነገሩ ሁሉ በደኅና ሄደ፤ ዳሞንም ወደ መገደያው ወጣ። በዚህ ጊዜ አንድ ወታደር «ታይም ኢዝ አፕ» ማለት ነበረበት፤ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። ፒትያስ ከበሩ በስተኋላ ቆሞ ይህን ቃል ይጠብቃል፤ ቃሉን ሲሰማ እየሮጠ ይገባል። ወታደሩ ግን የእናቱን ፊት በሕዝቡ መካከል አይቶ ቃሉ ጠፋው። ዝም ሆነ። ፒትያስም አልገባም። ንጉሡ ወታደሩን ያያል፤ ወታደሩ መሬት ያያል። በወረቀቱ ላይ ለዚህ ዝምታ የተጻፈ አንድ ቃል እንኳ የለም።

ያን ጊዜ ልጅቱ ወደ ንጉሡ ዞራ «ሂ ዊል ካምዝ። አይ ኖው ሂም» አለች። ይመጣል፤ እኔ አውቀዋለሁ ማለቷ ነው። ሕግ የሚያውቅ ሰው «ሂ ዊል ካም» መባል እንደሚገባው ያውቃል። አምና ስለ ተወችው የተሣቀባትን ያን የመጨረሻ ድምፅ፣ አሁን በማያስፈልገው ስፍራ ጨመረችው። የሣቀ ግን የለም። ንጉሡም ጥቂት አሰበና፣ እርሱም ከወረቀቱ ላይ የሌለ ቃል አውጥቶ «ዜን ዊ ዌት» አለ፤ እንግዲያስ እንጠብቃለን ማለት ነው። ፒትያስ ይህን ከበሩ በስተኋላ ሰምቶ ሮጦ ገባ።

በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ በእርግጥ የልጆቹ የራሳቸው እንግሊዝኛ የሆነው ይህ ያልተጻፈው ንግግር ነው። የቀረውን አጥንተው ነው ያመጡት፤ ይህን ግን ወዳጅን ለማዳን ሲቸኩሉ ወለዱት። አስተማሪቱ ስሕተቱን በማስታወሻቸው ጻፉ፤ በዚያ ቀን ግን አልተናገሩም። በማግስቱ የማንንም ስም ሳይጠሩ ክፍሉን ሁሉ አስነሥተው «ሂ ዊል ካም፣ ሺ ዊል ካም» እያሰኙ አለማመዷቸው። ልጅቱም ከሁሉ ጋራ ጮኸች።

የንጉሥ ዲዮኒስዮስ ስም በኢትዮጵያ ተማሪ ቤት ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ. ም. በአምቦ አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ኦሮምኛና አማርኛ ይናገሩ ነበር፤ ግእዝን በቤተ ክርስቲያን ተማሩ፤ እንግሊዝኛን ደግሞ በአስኳላ ተማሪ ቤት አገኙት። ገና ልጅ ሆነው በተማሪ ቤት ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማች አንድ ቴያትር ጽፈው በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታየ። ኋላም ወደ አሜሪካ አገር ሄደው ሕግ ተማሩ፤ በሎንዶንና በፓሪስም የቴያትርን ሥራ ተመለከቱ። የሼክስፒርን ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ ወደ አማርኛ መለሱ፤ በእንግሊዝኛ የጻፉት የኦዳ ዛፍ ትንቢት የሚመለከት ቴያትርም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1965 በሎንዶን ታተመ። የአራት ቋንቋ አፍ የነበራቸው እኒህ ሰው የቴያትርን ነገር የጀመሩት እንዲህ በተማሪ ወንበር ነበር።

ከእርሳቸው በፊትም መንገዱን የጠረጉ ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው ቋንቋውን የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1913 ዓ. ም. ገደማ አውሬዎች እንደ ሰው የሚነጋገሩበትን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ቴያትር ጻፉ፤ ቴያትሩ በሹማምንቱ ላይ የሚሣለቅ ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከጎጃም የመጡት የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤም በአዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሲያስተምሩ ቴያትር እየደረሱ ከተማሪዎቻቸው ጋራ ያሳዩ ነበር። ከቅኔ ቤት ወደ ቴያትር መሸጋገር ለእርሳቸው ሩቅ አልሆነባቸውም፤ በሁለቱም ዘንድ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ይናገራልና። ከጠላት ወረራም በኋላ በ1935 ዓ. ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ተከፈተ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ኮተቤም እንደ አራብሳ ሁሉ በከተማይቱ ምሥራቅ በኩል ነው፤ ዛሬም መምህራንን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለበት።

ይሁን እንጂ ቴያትር ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የተሳሳተ ቴያትርም አለ። አስተማሪው ከክፍሉ አንደበተ ርቱዕ የሆኑትን አራት ልጆች መርጠው፣ የቀሩትን ተመልካች ቢያደርጓቸው፣ ቀድሞም የሚናገሩት እንደ ገና ተናገሩ፤ ቀድሞም ዝም ያሉት እንደ ገና ዝም አሉ። በክፍሉ ውስጥ ብዙ ልጅ ቢኖር በአምስት በአምስት ተከፍሎ በየማዕዘኑ ይለማመድ፤ የማሳያም ቀን ባይኖር ግድ የለም። ጩኸት ይበዛል፤ የጎረቤት ክፍልም ያማርራል። ይህ ጩኸት ግን እንደ ሌላው ረብሻ ሊቈጠር አይገባም፤ የንባብ ቤትም ጩኸት ከሩቅ ይሰማል።

እንደዚሁም ልጆቹ ቃሉን እንደ በቀቀን ወፍ ብቻ ቢሸመድዱት፣ ትርጓሜውን ሳያውቁ ቢናገሩት፣ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ካጠኑ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጠው ያንኑ ታሪክ በራሳቸው ቃል ቢጫወቱት ይሻላል፤ ቃሉ እየተሰበረም ቢሆን። በእንግሊዝ አገር በሳሴክስ አውራጃ የመንደር ተማሪ ቤት ያስተምሩ የነበሩ ሃሪየት ፊንሌይ ጆንሰን የተባሉ ሴት ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ያደርጉ ነበር፤ ልጆቹ ቴያትሩን ራሳቸው እንዲያወጡት ይተዉላቸው ነበር። ልጅ በሚናገርበት ጊዜ በየቃሉ እያቋረጡ ማረምም አይበጅም፤ ዳሞን ሊሞት ሲል ስለ ሰዋስው ቢያቋርጡት ወዳጁንም ሰዋስውንም ይረሳል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ለፈተና ላክሁት እንጂ ለጨዋታ አልላክሁትም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነውና በቍጣ መልስ መስጠት አይገባም። ፈተናው በጽሑፍ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ለፈተናው የሚያበቃው ትምህርት በእንግሊዝኛ በአፍ ይነገራል፤ ያልገባውን የሚጠይቅ አፍ ያለው ልጅ ወደ ፈተናው የሚገባው ጥያቄውን አራግፎ ነው።

አስተማሪም ቴያትርም በሌለበት ቀን ሁለት ልጆች በፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይህን ማድረግ ይችላሉ። አንዱ ሽንኩርት ሻጭ ይሁን፤ ሌላው ከሩቅ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ይሁን። እንግዳው የኪሎውን ዋጋ በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፤ ሻጩም ከፍ አድርጎ ይንገረው። እንግዳው «ውድ ነው» ይበል፤ ሻጩም ስለ ምን እንደ ተወደደ ያስረዳ፤ ዝናብ ጠፋ ይበል፣ መኪናው ተበላሸ ይበል፣ የመጣለትን ይበል። ቃል የጠፋው እጁን ያወናጭፍ እንጂ ወደ አማርኛ አይሽሽ። ከተስማሙ በኋላ ቦታ ይለዋወጡ። ሦስተኛ ልጅ ከደረጃው በታች ቆሞ ቢያያቸው፣ እርሱንም ጠርተው ለሻጩ ረዳት ያድርጉት፤ ዝምተኛ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርቱን ብቻ ይመዝንላቸው።